ነጃሺ ሳይሰማ አሳልፎ አልሰጠም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንዲት እናታችን ጠጋ ብለው "ልጄ፣ የመኪናዬን መስኮት ሰብረው ቦርሳዬን ወሰዱብኝ" አሉኝ። ለፖሊስ ደወሉ ወይ ስላቸው ዝም አሉ። ቤታቸው ውስጥ ወረቀቱ ያላለቀለት ወንድም አላቸው። ፖሊስ ከመጣ አይስ ይከተላል ብለው ፈርተዋል። ሌባው ይህን ቢያውቅ ከዚህ ፍርሃት የተሻለ ጠባቂ አያገኝም ነበር።

ስለ ነጃሺ በልጅነታችን ስንማር ብዙዎቻችን የያዝነው ደግነቱን ነው። እኔ ዛሬ ላነሳላችሁ የምፈልገው አሠራሩን ነው፤ መሐንዲስ ስለሆንኩ ይሆናል። ሶሓቦች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዐስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩባቸው። መልእክተኞቹ አስቀድመው ሹማምንቱን በስጦታ አለዘቡ። የፈለጉት ስደተኞቹ ሳይጠየቁ እንዲሰጧቸው ነበር፤ ሹማምንቱም ተስማሙ። ነጃሺ ግን አገሩን መርጠው የመጡ ሰዎችን ቃላቸውን ሳይሰማ እንደማይሰጥ ተናገረ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆመው አስረዱ፣ ከሱረቱ መርየምም ቀሩ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሌላ ክስ ይዞ ተመለሰ፤ ያም ተሰማ። ስጦታው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ነጃሺ ክስ አልሰማም አላለም። እምቢ ያለው ያልተዳኘን ሰው በሌላ ኃይል ጥያቄ ብቻ ማስረከብን ነው።

ሲያትል አክሱም አይደለችም። ግን የዚህ ግዛት ሕግም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞታል። ከተማችን ከ2003 ጀምሮ ሠራተኞቿ የሰውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዳይጠይቁ በጥቅሉ ከልክላለች። በ2019 ገዥው ጄይ ኢንስሊ የፈረሙት "ኪፕ ዋሽንግተን ወርኪንግ" የተባለው ሕግ ደግሞ ግዛቱን ሁሉ ይሸፍናል። የአካባቢ ፖሊስና ሸሪፍ ከወንጀል ምርመራ ጋር ካልተያያዘ በቀር ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታ ወይም ስለ ትውልድ ቦታ አይጠይቁም። መፈታት ያለበትን ሰውም፣ አይስ "ያዙልኝ" የሚል ዳኛ ያልፈረመበት ወረቀት ስለላከ ብቻ፣ አስረው አያቆዩም። እኛም በሥራችን ለአንድ ሲስተም ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አንሰጠውም። ሕጉ ሁሌ ይከበራል ማለቴ አይደለም፤ የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ኒክ ብራውን በማርች 2025 የአዳምስ ካውንቲን ሸሪፍ ቢሮ ይህን ሕግ ጥሷል ብለው ከሰዋል።

እናንተ እዚህ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ፣ ቤት ውስጥ ደብዳቤ የምታነቡት እናንተ ናችሁ። እናታችሁ በሯን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እናንተ ያላችኋትን አምና ነው። ይህ አማና ነው፤ አትጨምሩበት፣ አትቀንሱለት። ሕጉ የፌዴራል ወኪሎችን ከሲያትል አያግድም፤ ሰዎች ዛሬም ተይዘው ታኮማ ወዳለው ማቆያ ይወሰዳሉ። ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ከመጣም ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ "ማንም አይነካህም" ብሎ ማጽናናት ውሸት ነው። "ሁሉም አንድ ናቸው፣ አትደውዪ" ማለትም እንዲሁ። ያልገባችሁን ኖርዝዌስት ኢሚግራንት ራይትስ ፕሮጀክትን ወይም ሌላ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። የማን ወረቀት አለቀ፣ የማን አላለቀም የሚለው የቡና ላይ ወሬያችን! ሱረቱል ሑጁራት ስለላንና ሐሜትን የከለከለችው ለሌላ ሕዝብ አይደለም። ፖሊስ እንዳይጠይቅ በሕግ የተከለከለውን እኛ በዋትሳፕ ስንበትነው ምን ይባላል?

እናታችንን "ወንድሜስ?" ሲሉኝ ጠበቃ ጋር አብረን እንድንሄድ ቀጠሮ ያዝን። ለመስኮቱ ግን እዚያው ቆመን አስቸኳይ ባልሆነው የፖሊስ መስመር ደወልን፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅን። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ስለ መኪናው ቀለም ሁለት ጊዜ ጠየቋቸው፤ ስለ ትውልድ አገራቸው አንድም ጊዜ አልጠየቋቸውም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።