የታዘዘ እምነት

አንድ መንግሥት ሕዝቡን ግብር ያስገብራል፤ መንገድ ያስጠርጋል፤ ጦር ያስከትታል። እንዲያምን ሊያዘው ይችላልን? ጥያቄው በአውሮፓ ፈላስፎች ጠረጴዛ ላይ ብቻ የተነሣ የሚመስለው ሰው ካለ ፊቱን ወደ ስማዳ ይመልስ። በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ የካቶሊክ ሃይማኖት የኢትዮጵያን ቤተ መንግሥት ደጃፍ በረገጠበት ዘመን፣ ይኸው ጥያቄ በዚያ አገር በአንድ ትዳር ውስጥ ተነሥቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባልየው መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አለቃ ነበር። ሚስቱ ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ወገን የተወለደች ስትሆን፣ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች ሁሉም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ንጉሡ ከኢየሱሳውያን መምህራን ጋር ወዳጅነቱን ሲያጠብቅ ባል ከንጉሡ ጎን ቆመ፤ ሚስት ልትመንን ከቤቷ ወጣች። በ1672 የተጻፈው ገድሏ እንደሚተርከው ባልየው ሠራዊቱን ይዞ ፍለጋ ተነሣ፤ በዚህም ሳቢያ አንድ ከተማ ጠፋ። ወለተ ጴጥሮስ በእርሷ ሰበብ በሰው ላይ የወረደውን መከራ አይታ ወደ ባሏ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያሻል። ገድል የሚያደምቀው ጽናትን ነው፤ የዚህች ሴት መመለስ ግን ከጽናቷ የሚያንስ አይደለም። ለኅሊናው ሲል የገዛ አንገቱን የሚሰጥ ሰው ይገኛል። ለኅሊናው ሲል የጎረቤቱን ጎጆ የሚያስነድድ ሰውስ ፈቃዱን ከማን አገኘ? ጎጆው የሚነደው ገበሬ ስለ ባሕርየ ክርስቶስ የተነሣውን ክርክር አልጀመረውም፤ ምናልባትም አልሰማውም። በመኳንንት እልፍኝ የሚነሣ የእምነት ጠብ ዕዳው ምን ጊዜም የሚከፈለው ከጎተራውና ከበረቱ ነው። ወለተ ጴጥሮስ ይህን የተረዳች ይመስላል።

ኋላ ግን በ1617 በንጉሡ ላይ ከተነሡት ወገኖች ጋር የተገደለው የጳጳሱ የአቡነ ስምዖን ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን ዐወቀች። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መካከል የቆመው የመጽሐፍ ትርጓሜ ብቻ አልነበረም፤ ደም ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ተለየችው።

ሱስንዮስን በብልሃትና በትዕግሥት ያግባባው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ነበር። ግእዙንም አማርኛውንም ተምሮ በአገሬው ቋንቋ ይከራከር የነበረው ይህ ሰው ንጉሡ ካቶሊክነቱን በይፋ በገለጠበት በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ግን የትእዛዝ ሰው ነበር። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ግዝረትና ቅዳሜን ማክበር ይቅሩ ተባለ። በቃል የሚነገረው ትምህርት ወደ ዐዋጅ ተለወጠ። አባቱ በተጠመቀበት ውሃ ላይ «አልሆነም» የተባለው ገበሬ የሰማው ትምህርተ መለኮትን አልነበረም፤ የአባቱን ስድብ ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ በንጉሡ ሸንጎ ስትቆም መልክአ ክርስቶስ ሞት እንዳይፈረድባት አማለደ። በዚህም የተነሣ በየቅዳሜው ሜንዴስ እንዲያስተምራት ተደረገ። ባልየው አስቸጋሪ ሰው ነው። ለንጉሡ ታዛዥ፣ ለተለየችው ሚስቱ አማላጅ። ወንጀለኛ ብሎ ማለፍ ይቀልላል። ነገር ግን በየዘመኑ እንጀራውን ከአዛዡ እጅ እየበላ፣ ትእዛዙን እየፈጸመ፣ በጓዳ ደግሞ አንዲት ነፍስ ለማትረፍ የሚሯሯጥ ሹም ጥቂት አይደለም። ለዚያች ነፍስ መትረፍ ያመሰግኑታል። ስለ ቀሩትስ ማን ይጠይቀው?

ያ የቅዳሜ ትምህርት ክርክር ሊባል ይችላልን? አንደኛው ወገን ከረታ ሌላዋ ታምናለች፤ ካልረታ ትሰደዳለች። ከኋላው ሰንሰለት የቆመ ጥያቄ እውነትን አይፈልግም፤ የሚፈልገው መልስ ብቻ ነው። ሜንዴስ የተናገረው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ሴቲቱ «አመንኩ» ብትል ማመኗን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። አላለችም፤ ሦስት ዓመት ዠበይ ወደሚባለው ቆላ ተጋዘች።

ትእዛዙ አልሠራም። ከጋይንት በስተምሥራቅ ላስታ ላይ የተነሣው ገበሬ (መሪው መልክአ ክርስቶስ ይባላል፤ ከስማዳው ሰው ጋር የስም ሞክሼ ነው) በ1632 ወይና ደጋ ላይ ድል ቢሆንም ሱስንዮስ የድሉን ፍሬ አልበላም። የኢየሱሳውያን መዛግብት ሙታኑን እስከ 8,000 ያደርሷቸዋል። ንጉሡ በዚያው ዓመት የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

ታሪኩን በዚህ መዝጋት ደስ ይል ነበር። ነገር ግን ትእዛዙ አቅጣጫውን ለወጠ እንጂ ትእዛዝነቱን አልተወም። ኢየሱሳውያን ተባረሩ፤ በ1638 ሁለት ፈረንሳውያን መነኮሳት ተሰቀሉ፤ በ1716 ሦስት የካቶሊክ መነኮሳት ጎንደር ላይ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። እነዚህ እንኳ የባዕድ ሰዎች ናቸው ይባል ይሆናል። ከዓባይ ማዶ በመርጡለ ማርያም የመነኮሰው አባ ገብረ ሚካኤልስ? እርሱ የጎጃም ልጅ ነው፤ በ1791 ተወለደ። ሲጠይቅና ሲመረምር ኖሮ፣ ግብፅንና ሮምን አይቶ፣ ከጣሊያናዊው ጁስቲኖ ደ ያኮቢስ ጋር ለዓመታት ተወያይቶ በ1844 ካቶሊክ ሆነ። ያዘዘው ንጉሥ አልነበረም። ታሰረ፤ ተገረፈ፤ «ካድ» ሲባል እምቢ አለ፤ በ1855 በሰንሰለት እንደታሰረ ሠራዊቱን ተከትሎ ሲነዳ ሞተ።

ወለተ ጴጥሮስን የሚያደንቅ ሰው ፈተናው እዚህ ነው። የወደዳት ኦርቶዶክሳዊት ስለሆነች ብቻ ከሆነ የወደደው ወገኑን ነው። የወደደው እምቢታዋን ከሆነ ግን የገብረ ሚካኤልንም እምቢታ ሊያከብር ግድ ይሆንበታል። ገብረ ሚካኤልን የሚዘክር ካቶሊክም እንዲሁ የዠበይን ስደት እንደ አንዲት ልበ ደንዳና ሴት ነገር አድርጎ ሊያልፈው አይችልም። ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ መጥራት ለብዙ ሰው ዛሬም ይከብደዋል።

ሕዝቡ ግን የሚጠቅመውን ሲለይ አልተሳሳተም። በሱስንዮስ ዘመን በ1626 ዓባይ ላይ በአላታ የኖራ ድልድይ ተሠራ፤ እምነቱ ሲሻር ድልድዩ አልፈረሰም። ቀድሞ በእስቴ ሥር በነበረው በአንዳቤትና በሞጣ መካከል ያለው ሰባራ ድልድይም በፋሲለደስ፣ ማለት ኢየሱሳውያንን ባባረረው ንጉሥ ዘመን እንደተሠራ ይነገርለታል። ገበያተኛው «እንደገና ተጠመቅ» ሳይባል አህያውን ነድቶ ተሻገረበት። በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ተሰብሮ እንኳ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር።

በ2015 የባሕር ዳርና ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ተቋቋመ። ካህናቱ በሜንዴስ ላቲን አይቀድሱም፤ ቅዳሴያቸው ግእዝ ነው። ከዚያው ሐይቅ በስተምሥራቅ ቆራጣ ላይ ኅዳር 17 ቀን ወለተ ጴጥሮስ ትዘከራለች፤ ገድሏም የተጻፈው በግእዝ ነው።