አንድ ዓይናዋ ቮልስ

“ኦሪጂናል ነው?”

በአዲስ አበባ ገበያ የዚህን ጥያቄ ያህል የሚደጋገም ያለ አይመስለኝም። ጫማ ሲገዛ ይጠየቃል፤ ቅቤ ሲቀመስ ይጠየቃል፤ መልሱም ሁልጊዜ “አዎ” ነው። እኔም በቅርቡ ለሁለት ወር ያህል ይህንኑ ጥያቄ ተሸክሜ ስዞር ከረምኩና በመጨረሻ ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ሆኖ አገኘሁት። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ፤ ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን ባይሆንም።

ነፍሱን ይማረውና አባቴ ትቶልኝ ያለፈው ንብረት አንዲት ቮልስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራች 1200። ልደታ፣ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ዓመታት ተቀምጣለች። ቀኝ ዓይኗ የራሷ አይደለም። ድሮ ተጋጭታ የቀኝ የፊት መብራቷ ሲሰበር ልኳ የሆነ ስላልተገኘ የሌላ መኪና መብራት ተገጠመላትና ክፍተቱ በላሜራና በስቱኮ ተደፈነ። የሰፈር ልጆች “አንድ ዓይና” ይሏት ነበር። አባቴ ይስቃል እንጂ አይከፋውም። የሚከፋኝ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ዝገቷ ተጠርጎ ቀለሟ ሲታደስ “መብራቷ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረው ዓይነት ካልሆነ ሌላ አልቀበልም” ብዬ ማልኩ።

“መብራት መብራት ነው፤ ምን ልዩነት አለው?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልዩነት አለው። የጥንቶቹ ቮልሶች የመብራት መስታወት የፓራፋንጎውን ቁልቁለት ተከትሎ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1967 ጀምሮ በ1300ና በ1500 ሞዴሎቹ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም መብራት ገጠመ፤ ርካሹን 1200 ግን እስከ 1973 ድረስ በአሮጌው ዓይን አቆየው። የአንዱ መብራት ለሌላው አይሆንም፤ ፓራፋንጎው ራሱ ይለያያልና። አባዜው ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች የ1960ዎቹን ጉልበተኛ መኪኖቻቸውን ሲያድሱ በጄኔራል ሞተርስ መብራቶች መሐል የነበረችውን “ቲ-3” የምትል ምልክት ፍለጋ ብዙ ገንዘብ ያፈሳሉ። ምልክቷ ባትኖርም መብራቱ ይበራል፤ ለእነሱ ግን አይበራላቸውም።

እኛም ብንሆን ከቮልስ ጋር የቆየ ዝምድና አለን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው፤ አንድ ዘመን የተሸኘው በዚህች ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ወጣች። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የጥንት ዕቃ የምትሻ ቮልስ ሁሉ የምትጠገነው ከሌላዋ ቮልስ ገላ በሚወጣ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ፍለጋዬን የጀመርኩት ከሶማሌ ተራ ነው። አንድ ደግ ነጋዴ አዲስ የብራዚል መብራት ከነካርቶኑ አወጣልኝ። “ኦሪጂናል አይደለም” አልኩት። “ብራዚልም እኮ ቮልስ ስትሠራ ኖራለች” አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን የጀርመኑን ነበርና የምፈልገው ጥዬው ወጣሁ።

ቀጥሎ አንድ ዘመዴ ከናይሮቢ ጥንድ መብራት ይዞልኝ መጣ። የጀርመን ነው፤ ዘመኑም ልክ ነው። በደስታ ሰክሬ ልደታ ወዳለው ጋራዥ ሮጥኩ። ሽማግሌው መካኒክ መስታወቱን በጣታቸው ዳሰሱና “ይሄ የግራ መንገድ ነው፣ ልጄ” አሉኝ። የአጭር መብራት መስታወት ላይ ያለው ቅርጽ ብርሃኑን በነጂው በኩል ወዳለው የመንገድ ዳር ከፍ አድርጎ፣ ከፊት በሚመጣው በኩል ዝቅ አድርጎ የሚረጭ ነው። ኬንያ በግራ ይነዳል፤ እኛ ደግሞ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነን። ያን መብራት ብገጥመው ከፍ የሚለው ብርሃን የሚያርፈው ከፊት ለፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ነው። “ኦሪጂናልነቱ ለአንተ፣ መታወሩ ለሌላው” አሉ ጋሼ፤ ሥራቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ አባባሉን እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት።

ከጋራዡ ስወጣ አንድ ወጣት ደላላ ተከተለኝ።

“የ1200 ነው አይደል? ዘንበል ያለው?”

“አዎ፤ የቀኙን ብቻ።”

“አንዱን ብቻ ማምጣት አይመችም፤ ጥንዱን ውሰድ። ዛሬ የለም፤ ነገ ጠዋት ይኖራል።”

ዛሬ የሌለ፣ ነገ ጠዋት የሚኖር ዕቃ ሌሊቱን ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ፍልስፍና አያስፈልግም። ተረድቼዋለሁ። ግን አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት ያችኑ ነው፦ “ኦሪጂናል ነው?”

“ሄላ የሚል ጽሑፍ አለበት፤ በዓይንህ ታየዋለህ” አለኝ። አንድ ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁት።

ማታ ወደ ቤት ስገባ ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ ነጭ ቮልስ እንደ ወትሮዋ አጥሩ ሥር ቆማለች። በየቀኑ አልፌአት ስሄድ ኖሬ ያን ቀን እግሬ ያዘኝ። ጎንበስ ብዬ በስልኬ ብርሃን መስታወቷን አየሁት። ሄላ ይላል። በሰፈራችን ዘንበል ያለ መብራት ያላት ቮልስ ከእኔዋ ሌላ እሷ ብቻ መሆኗ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

እዚያው ቆሜ ለደላላው ደወልኩና “ይቅርብኝ” አልኩት። ቀብዱን አልመለሰም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። “እትዬ፣ ሰሞኑን መብራት የሚነቅሉ አሉ ይባላል፤ መኪናዎን ግቢ ቢያስገቧት” አልኳቸው። “እግዜር ይስጥህ ልጄ! አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?” ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ ወጣሁ። እኔ ባልኖር ኖሮ ግን ያን ሌሊት መብራታቸውን የሚመኝ አልነበረም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ድሮ ያነበብኩትን የቴሴዎስን መርከብ አስታወስኩ። ፕሉታርክ እንደሚለው አቴናውያን የጀግናቸውን መርከብ ጠብቀው ሲያቆዩ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩት ነበር። ሳንቃው ሁሉ ሲተካ መርከቡ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ? ፈላስፎች ተከራከሩበት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን አከረረው፦ አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ ሁለተኛ መርከብ ቢሠራስ? እውነተኛው የትኛው ነው?

የእኛ አገር ምእመን ይህን ቢሰማ ብዙም የሚጨነቅ አይመስለኝም። አክሱም ጽዮን በግራኝ ዘመን ተቃጥላ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደገና ስትታነጽ “ይህች ሌላ ቤተ ክርስቲያን ናት” ያለ አልነበረም። ድንጋዩ ቢቀየር፣ ጣሪያው ቢቀየር፣ ታቦቱ ነው ቤቱን ቤት የሚያሰኘው። ያለ ዕቃው መኖር የማይችለው ነገር ከዕቃው በላይ የሆነ ነገርም አለው ማለት ነው።

ይሁንና ፕሉታርክም ሆብስም ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሳንቃው ከየት መጣ? ወራሪው የፋሺስት ጦር በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ወስዶ ሮም ላይ ያቆመው ሐውልት እስከ 1997 ዓ.ም. እስኪመለስ ድረስ ኦሪጂናል አልነበረም የሚል ማን ነው? አንዲት ጠጠር አልተጭበረበረችበትም። የሮም መንገደኛ “ኦሪጂናል ነው?” ብሎ ቢጠይቅ “አዎ” የሚለው መልስ እውነት ነበር። ግን ውሸት ነበር። ሐውልቱ እውነተኛ፣ አቋቋሙ ሐሰት። ይህን ለጣሊያን ለመንገር ስንት ዓመት የጮኽን ሰዎች ለራሳችን መንገር ሲያቅተን ይገርማል።

“ገዢ ሌባ አይደለም” ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። “እኔ ባልገዛው ሌላ ይገዛዋል” የምትለውንም ጨምሬበታለሁ። ነገር ግን ያ መብራት በዚያ ሌሊት እንዲነቀል የታዘዘው በእኔ ልክ፣ በእኔ ዘመን፣ በእኔ ገንዘብ ነው። እጁ የደላላው ቢሆንም ምኞቱ የእኔ ነበር። ይበልጥ የሚያሳፍረው ደግሞ ምኞቱን የሸፈንኩት በአባቴ ስም መሆኑ ነው። አባቴ የነዳት አንድ ዓይናዋን ቮልስ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ፣ እናቴን ሆስፒታል ያደረሰው በዚያች ባለ ስቱኮ መኪና ነው። ከፋብሪካ የወጣችበትን ቀን ለመመለስ ስሯሯጥ እሱ የኖረባትን ዘመን ልፍቅ ነበር። ለዘመኑ ታማኝ መሆን ጥሩ ነው፤ ግን ለየትኛው ዘመን?

እናም ወደ ሶማሌ ተራ ተመለስኩ። የብራዚሉ መብራት አልተሸጠም ነበር። ነጋዴው “እ፣ ኦሪጂናሉን አጣኸው?” አለኝ። “አገኘሁት” አልኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም። ጋሼ ላሜራውን ከፍተው፣ ስቱኮውን ፍቀው፣ መብራቱን በቀኝ ገጠሙት፤ የግራው የአባቴ ሄላ በቦታው ነው። ማታ ግድግዳ ላይ አብርተን ስናስተካክለው የቀኙ ነጣ፣ የግራው ቢጫ ብሎ ታየ። “ያስታውቃል” አልኩ። “ያስታውቅ” አሉ ጋሼ፤ “ከፊትህ የሚመጣውን አያሳውርም።”

እትዬ አሁን መኪናቸውን ግቢ ነው የሚያሳድሩት። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁለቱንም መብራቶች ብልጭ አድርገው ሰላም ይሉኛል፤ እኔም በቢጫና በነጭ እመልሳለሁ። እውነቱን እስካሁን አልነገርኳቸውም። ይህን መጽሔት የሚያነቡ ከሆነ ግን እነሆ፣ እትዬ፦ ምርቃትዎን የወሰድኩት ሳይገባኝ ነው። መልሱልኝ ካሉኝ፣ ከመብራቱ ይልቅ የእሱ መመለስ ይከብደኛል።