መረጋጋት ብቻውን ጤና ነውን?

አገር ቤት ሰኔ ግም ሲል ሰማዩ ይጠቁራል፤ ገበሬውም በሬውን ጠምዶ ወደ ማሳው ይወርዳል። እዚህ ጂቡቲ ግን ሰኔና ሐምሌ ካምሲን የተባለው የበረሃ ነፋስ አቧራ አዝሎ የሚነፍስበት፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ ነው። በዶራሌ ወደብ ተራውን የሚጠብቀው ሾፌር፣ በባልባላ ጠባብ ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተዳብላ የምታድረው ወጣት፣ ደመወዙ ሳይደርስ ከቤተሰብ ስልክ የሚደወልለት ሠራተኛ፣ ሁሉም የሚሸከሙት ሙቀቱን ብቻ አይደለም። ይህን ሸክም ለመግለጽ የለመድነው ቃል አንድ ነው፤ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። ያልተነገረው ጭንቀት እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ ድካም፣ ያለምክንያት መቆጣት ሆኖ ይመለሳል።

ብዙዎች ዕረፍታቸውን ከቀትር በኋላ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋዎች በሚመጣው ጫት ይፈልጋሉ። መብራዝ ውስጥ የሚገኘው ጨዋታና ወዳጅነት የሚናቅ አይደለም። ይሁንና በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አእምሮን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ምርቃናው ሲያልፍ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። የተገኘው ደስታ ብድር ነበርና ሌሊቱ ከነወለዱ ያስከፍላል።

እንግዲህ ስለ ዮጋ መነጋገር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ባሳለፈው ውሳኔ ሰኔ 14 ቀን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይከበራል። ቃሉ በሳንስክሪት «ማጣመር፣ በቀንበር መጥመድ» ከሚል ሥር የወጣ ነው። ለገበሬ ልጅ ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ ያልተገራ በሬ እርሻ የሚለምደው ከተገራው ጋር ተጠምዶ ነው። ሐሳብን «ዝም በል» ብሎ ማዘዝ አይቻልም፤ ትንፋሽን ግን ማዘዝ ይቻላል። ትንፋሽ የተገራው በሬ ነው፤ ሐሳብ ከእርሱ ጋር ሲጠመድ ቀስ በቀስ እርምጃውን ይከተላል።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። አየር ስናስገባ የልብ ምት ጥቂት ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ዝግ ይላል። ስለዚህ የምናስወጣውን ትንፋሽ ባስረዘምን ቁጥር ቫገስ በተባለው ነርቭ አማካይነት ልብና አንጀት «አደጋው አልፏል» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። ሐኪሙ ቤሴል ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከደረሰባቸው ጥቃት የተነሣ ለዓመታት በሰቀቀን የኖሩና በሌላ ሕክምና ያልዳኑ 64 ሴቶችን በሁለት ቡድን ከፍለው ለ10 ሳምንታት ተከታተሉ። መጨረሻ ላይ ከተመረመሩት መካከል፣ ዮጋ ከሠሩት 31 ሴቶች 16ቱ፣ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው 29 ሴቶች ግን 6ቱ የሕመሙን መለኪያ የማያሟሉ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ዮጋም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አስጥሎ የሚተካ አይደለም። ነገር ግን አካል የተማረውን ፍርሃት አካል ራሱ ሊረሳው እንደሚችል ያመለክታል።

«ይህስ ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭምን?» የሚል አንባቢ አለ። ጥያቄው የሚገባ ነው። የማሌዥያ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ዮጋ ለሙስሊሞች እንደማይፈቀድ ወስኗል፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ስፖርት ተቀብላዋለች። ልዩነቱ የመጣው አንዱ ዝማሬውንና አምልኮውን፣ ሌላው እንቅስቃሴውን በማየቱ ነው። አካልና መንፈስ አብረው እንደሚሰግዱ ግን እኛ ከማንም አልተዋስንም። የገዳማውያን አርምሞና የሕማማት ስግደት፣ የሙስሊሙ ሩኩዕና ሱጁድ ይህንኑ ያውቃሉ። ትንፋሽን ማርዘምና ጀርባን ማቅናት የማንም ሃይማኖት ርስት አይደለም፤ ከዚያ ያለፈውን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር ይምከርበት።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ። ፓስፖርቷ የተቆለፈባት፣ የአምስት ወር ደመወዟ የተያዘባት የቤት ሠራተኛ «አልተኛም፤ ልቤ ይመታል» ብትለን፣ «በረዥሙ ተንፍሺ» ማለት ምን ማለት ነው? ሕመሟ ከትንፋሿ አልመጣም፤ ከተፈጸመባት በደል እንጂ። በደልን በጸጥታ እንድትሸከም ማሠልጠን ከሆነ፣ መረጋጋት የበዳዩ አገልጋይ ይሆናል።

ለዚህ መልስ የሚሆነው ራሱ የዮጋ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ከ1,500 ዓመታት በፊት የተጻፈው የፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራ ስምንት ደረጃዎችን ይዘረዝራል። ዛሬ ዮጋ ስንል የምናስበው የአካል አቀማመጥ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው «ያማ» ይባላል፦ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን አለመመኘት። እንግዲያው በባሕሩ ዳር ጎህ ሲቀድ እጁን ዘርግቶ የሚተነፍስ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ግን የያዘ ሰው ዮጋን ገና አልጀመረም።

ለተበደለችው ግን ትንፋሹ ከንቱ አይደለም። የደነገጠ ሰው ቃሉ ይጠፋዋል፤ ወሩንና ብሩን አስልቶ መናገር ይሳነዋል። ልቧ የረጋላት ሴት «አምስት ወር ሠርቻለሁ፤ ይህን ያህል ይገባኛል» ለማለት አቅም ታገኛለች። የተረጋጋ አእምሮ በደልን አይረሳም፤ ይልቁንም አጥርቶ ያየዋል። አብሯት አሠሪው ዘንድ፣ ወይም ወደሚመለከተው ቢሮ የሚሄድ ወገን ግን ያስፈልጋታል። እርሷ ትንፋሿን ስትገራ፣ እኛም «ሆድ ይፍጀው» የሚለውን ምክራችንን ትተን ከጎኗ ልንቆም ይገባናል።