«ጥሩ ነው» የሚያሰኝ ናሙና

ለገጠሩ ሕዝብ የስልክ መተግበሪያ ወይም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚሠሩ ወጣቶች ሲገናኙ አንድ ክርክር አይቀርም። አንዱ ወገን «ያላለቀ ናሙና ይዞ ገበሬ ቤት መሄድ ንቀት ነው» ይላል፤ ሌላው «ንቀቱስ ጨርሶ መውሰድ ነው» ብሎ ይመልሳል። ልቤ ከሁለተኛው ወገን ጋር ነው። ግን ደብረ ታቦር ላይ ሆኖ ይህን የሚል ሰው በአቅራቢያው ያለውን፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበትን ጋፋትን ዘሎ ማለፍ አይችልም።

ጋፋት ላይ ሙከራ አልጎደለም። እዚያ የነበሩት አውሮፓውያን ሚስዮናውያን «መድፍ መሥራት አናውቅም» ቢሉም አፄ ቴዎድሮስ አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ተጀመረ፤ ከትንንሾቹ ተነሥተው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አወጡ። ማቅለጫው ይበቃል ወይ? ቅርጹስ ይሞላል ወይ? ይህ ሁሉ በየሙከራው መልስ አገኘ። «ማን ይጎትተዋል?» የሚለው ግን የተመለሰው በ1860 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ወደ መቅደላ አምባ በሚወስደው ገደል ላይ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ሠራዊቱ መንገድ እየጠረበ፣ መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ናሙናው የሠሪውን ጥርጣሬ ሲያጠራ የጎታቹን ሳይነካው ቀረ።

«እንግዲያው ተጠቃሚውን ጠይቁ» ማለት ይቀላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሉኝታ ነው። በደጋው አገር እንግዳ ያመጣውን ነገር ፊት ለፊት የሚያጣጥል የለም። ከሲሚንቶ የተሠራ የእንጀራ ምድጃ አምጥታችሁ «እንዴት ነው?» ብትሏት እማወራዋ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። አፉ ለኩበት ጠቧል ብትል ድካማችሁን ከንቱ ማድረግ ይመስላታል። ሳይጠይቁ እጇን ብቻ ማየት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሰውን እንደ ዕቃ መመልከት ስለሚሆንብኝ አልወደውም።

ያው ምድጃ በጭቃና በጭድ ቢቀርብላትስ? እጇን ውኃ ነክራ አፉን ታሰፋዋለች፤ ጭሱ ፊቷን የሚመታበትን ጎን ትደፍናለች፤ አመዱ የሚዛቅበትን ዝቅ ታደርጋለች። ጭቃ አፍርሶ መሥራት ማንንም አያስቀይምም። ስለዚህ ናሙና ሻካራ በሆነ መጠን ምላስ ይፈታል ብዬ ለረጅም ጊዜ አምኛለሁ።

አሁን ግን እምነቴ ጠቧል። ጭቃውን ይዞ የመጣው ሰው የእርዳታ መዝገብም ከያዘ፣ የቀበሌው ሹም ከአጠገቡ ከቆመ፣ ስሟ እንዳይሰረዝ ስትል ጭቃውንም ታመሰግናለች። የጋፋት ባለሙያዎችም እኮ እምቢ ብለው ነበር፤ እምቢታቸው ግን አልሠራም። ናሙና ጥያቄ የሚሆነው «አልፈልግም» ያለ ሰው ምንም በማያጣበት ቤት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በገጠራችን ብዙ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ቢያንስ መዝገቡንና ናሙናውን በአንድ ቀን አትውሰዱ። ጭቃውን ትታችሁላት ሂዱ፣ ቆይታችሁ ያለ ሹም ተመለሱ። ስሟ በተመዘገበበት ዕለት የሰጠቻችሁን ምስጋና ግን በሪፖርታችሁ ላይ እንደ ውጤት አትጻፉት።