ሮም በሦስት ቀን

ሮም ደርሳችሁ ለመምጣት የተነሣችሁ ልጆች፣ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ጥቂት ስሙኝ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የምትበሩ አላችሁ፤ ከፍራንክፈርት ወይም ከስቶክሆልም ዓርብ ማታ ተነሥታችሁ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ የምትገቡም አላችሁ። ዝርዝራችሁ ግን ያው ነው፦ ቫቲካን፣ ኮሎሲየም፣ ፓንቲዮን፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ አምስት ስድስት ቤተ ክርስቲያን፣ “ጊዜ ከተረፈ” ደግሞ ፍሎረንስ ደርሶ መልስ። ጊዜ አይተርፍም። እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ሮም የምታደክመው በስፋቷ አይደለም፤ በሰልፏ ነው። የቫቲካንን ሙዚየሞች በዓመት ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኛቸዋል፤ ያ ሁሉ ሰው ደግሞ የሚገሠግሠው ወደ አንድ አዳራሽ፣ ወደ ሲስቲን ቤተ ጸሎት ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀን አንድ ትልቅ ቦታ ብቻ ያዙ። ትኬቱን ከቤታችሁ ሳትወጡ ቁረጡ። የቀረውን ሰዓት ሰልፍ ለሌለባቸው አብያተ ክርስቲያናት ስጡት። እንዲህ ስታደርጉ ከዝርዝራችሁ ግማሹ ይሰረዛል፤ ይሰረዝ።

ከቫቲካን ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚንገላታው እዚያ ነውና። ቫቲካን ሁለት በር አለው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በአደባባዩ በኩል ይገባበታል፤ ትኬት የለውም፣ ፍተሻ ብቻ ነው። ሙዚየሞቹ በሰሜን በኩል፣ ከአጥሩ ውጭ ዞሮ ሩብ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ሌላ መግቢያ አላቸው። የሙዚየም ትኬት በእጁ ይዞ አደባባዩ ላይ የሚሰለፍ ሰው በየቀኑ አይጠፋም። በአንድ ቀን ሁለቱንም ማየት ለምትፈልጉ፣ ባዚሊካው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ አደባባዩ ባዶ ነው፣ ውስጡም የጸሎት ቤት ይመስላል። ሙዚየሙን ከዚያ በኋላ አድርጉት።

ቀኑንም ምረጡ። ሙዚየሞቹ እሑድ ዝግ ናቸው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነጻ ይከፈታሉ። “በነጻ” የሚለው ቃል አያታልላችሁ፤ የዚያን ቀን ሰልፉ አጥሩን ተከትሎ ይጠመዘዛል፣ በሩም እኩለ ቀን አልፎ ብዙም ሳይቆይ ይዘጋል። ረቡዕ ጠዋት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አደባባዩ ላይ ሕዝቡን ሲቀበሉ ባዚሊካው ለጎብኚ ዝግ ነው። ሰኞ በከተማው ያሉ ሌሎች ሙዚየሞች ብዙዎቹ ስለሚዘጉ ጎብኚው ሁሉ ወደ ቫቲካን ይጎርፋል። ትኬቱን ከሙዚየሙ የራሱ ድረ ገጽ ግዙ። አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ መንገድ ላይ “ያለ ሰልፍ ላስገባችሁ” የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉት፤ የሚሸጥላችሁ እናንተው በርካሽ ልትገዙት የምትችሉትን ነው።

በተለይ ከአገር ቤት ለምትሄዱት አንድ ነገር ላስታውስ። ትኬቱ ላይ 8:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን የማያውቅ የለም ትሉኝ ይሆናል። ከዘመድ ጋር በስልክ “በ2 ሰዓት ተኩል እንገናኝ” ተባብሎ፣ አንዱ በጠዋት ሌላው በፈረንጅ 2:30 ከቀትር በኋላ ሲደርስ ግን ትኬቱ ተቃጥሎ ያድራል። በቡድን የምትሄዱ ከሆነ በአንዱ አቆጣጠር ተስማሙ።

ውስጥ ስትገቡ ሕዝቡ በቀስት እየተመራ ወደ ሲስቲን ቤተ ጸሎት ይነዳል። እናንተ በመጀመሪያ ወደ ሥዕል ክፍሎቹ ታጠፉ። ራፋኤል በ1520 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከመሞቱ በፊት በመጨረሻ የሣለው የደብረ ታቦር ሥዕል እዚያ ነው፤ የካራቫጆ “የክርስቶስ መቀበር”ም እዚያው ነው፤ ፊታቸው ቆማችሁ በደንብ መተንፈስ ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ 120 ሜትር የሚረዝመውን የካርታዎች አዳራሽ አልፋችሁ ወደ ሲስቲን ግቡ። ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ጠባቂዎቹ ዝም በሉ እያሉ ይጮኻሉ፤ ከሕዝቡ ድምፅ ይልቅ የእነሱ ጩኸት ይበልጣል። መካከል ላይ አንጋጣችሁ አትቁሙ። ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፤ አንድ ሰው እስኪነሣ ጠብቃችሁ ተቀመጡ። ጣሪያውን ሚኬላንጄሎ የሣለው ከ1508 እስከ 1512 ነው፤ የመንበሩን ግድግዳ የመጨረሻ ፍርድ የሣለው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1541 ፈጽሞ ነው። ከክርስቶስ እግር በታች ወደ ቀኛችሁ ሐዋርያው በርተሎሜዎስ የራሱን የተገፈፈ ቆዳ በእጁ አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ቆዳው ላይ የሚታየው ፊት የሠዓሊው የራሱ እንደሆነ ይነገራል። የጎንደርን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ያየ ሰው ዓይኑ እዚህ ብዙ አይደነግጥም፤ ከላይ የሚመለከቱ ፊቶችን ለምዷል።

ስለ አለባበስ ለእናንተ መንገር አይገባኝም ነበር፤ ግን ነሐሴ ሲሆን ሰው ይረሳል። ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ በባዚሊካው በር ይመልሷችኋል። ወንዶችም ቁምጣ አትልበሱ። ስስ ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ምንም ቦታ አይወስድም፤ በር ላይ ሻርፕ ከሚሸጡት ይገላግላችኋል። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ኋላ ቁሙ፤ በመካከል እየዞራችሁ ፎቶ አታንሡ። ኦርቶዶክሶች ከሆናችሁ ሰው ወደ ቁርባን ሲነሣ ባላችሁበት ቆዩ፤ የተነሣው ሁሉ ስለተሰለፈ ብቻ አትሰለፉ። ለጾም ደግሞ ሮም ለጋስ ናት፤ ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን አትክልት ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። የእኛ መነኮሳት እዚያ ይኖሩ ነበር፤ በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው አዲስ ኪዳን በ1548 ሮም ላይ ማተሚያ ቤት ሲገባ ሥራውን የመሩት አባ ተስፋ ጽዮን የዚያ ቤት ሰው ነበሩ። የኢትዮጵያ ኮሌጅም ዛሬ በዚያው አትክልት ውስጥ ነው። በተራ የሙዚየም ትኬት አይደረስበትም፤ “ያገሬ ቤተ ክርስቲያን ነው” ብላችሁ ከስዊስ ዘበኞቹ ጋር አትከራከሩ። ጉልላቱን ከወጣችሁ (551 ደረጃ ነው፤ በአሳንሰር ቢጀመርም 320 ያህሉ ይቀራል) በስተጀርባ በኩል ወደ አትክልቱ ተመልከቱ።

ስለ ኮሎሲየም ብዙ አልናገርም። ትኬቱ ላይ ስማችሁ ይጻፋል፣ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያዙ፣ በጠዋት ግቡ። ከዚያ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ በእግር ውረዱ፤ በ1937 ተወስዶ በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ትናንሾቹን አብያተ ክርስቲያናት ያዙ፤ ብዙዎቹ እኩለ ቀን ላይ ዘግተው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው የሚከፍቱት፤ ምሳችሁን ያን ጊዜ ብሉ። ከፓንቲዮን ጥቂት እርምጃ ርቆ በሚገኘው ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የካራቫጆ ሦስት የማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። መግቢያው በነጻ ነው። ጨለማ ሆኖ ካገኛችሁት ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም ጣሉ፣ መብራቱ ይበራል፤ ቀራጩ ማቴዎስ ገንዘብ ሲቆጥሩ ከነበሩት ጋር ተቀምጦ “እኔን ነው?” እንደሚል ሰው ጣቱን ወደ ደረቱ ሲያመለክት ታያላችሁ። መብራቱ ሲጠፋ ሌላው ጎብኚ እስኪከፍል የሚጠብቅ ሰው አለ፤ እናንተ አትሁኑ።

ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ያሉት የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ ውኃ ያፈሳሉ። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ግን የኪስ አውላቂዎች ገበያ ነው፤ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩ።

እናቶቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ጉልላቱን ለእነሱ አታስቡት። ለመጨረሻው ጠዋት ሳንታ ማሪያ ማጆሬን አስቀምጡላቸው፤ ከቴርሚኒ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በ2025 የተቀበሩት እዚያ ነው። በውስጡ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል እጇን በእጇ ላይ አነባብራ ልጇን አቅፋለች። የዚህች ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የእኛ ሠዓሊዎች በየገበታቸው ደጋግመው ሥለውታል፤ እናታችሁ ሳይነገራት ታውቃታለች፣ ምናልባትም ከእናንተ ቀድማ። መቸኮሉን ተዉት። ሻንጣችሁን ግን ቀድማችሁ ቴርሚኒ ዕቃ ማስቀመጫ አኑሩ፤ ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ የባዚሊካውን ፍተሻ አታልፉም፤ ወደ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው ባቡር ደግሞ ከዚያው ጣቢያ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጅበት።