ለእድሩ ቴሌግራም ተረካቢ

ልጄ፣ የእድራችንን የቴሌግራም ግሩፕ እንድትመራ መመረጥህን ስሰማ ደስ አለኝ። አባቶች «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ፤ እኔ መከራውን ልቅደመው ብዬ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ከሁሉ በፊት መርዶን ተጠንቀቅ። ሰው ሲሞት ጣትህ ወደ ስልኩ እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፎቶ መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በእኛ ወግ ግን መርዶ በማለዳ ይነገራል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ሰው አጠገቡ ቆሞ። ዋሽንግተን ያሉት ልጆቻችን እንኳ ይህን አልተዉም፤ ጓደኛቸው ሥራ ሳይገባ በማለዳ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የእናቷን ሞት ሽንኩርት እየከተፈች ከእኛ ግሩፕ ብታነብ ማን ይይዛታል? ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ታላቅ «ውጭ ላሉት ተነግሯል» ሳይልህ አንዲት ቃል አትጻፍ። ስትጽፍም አሟልተህ ጻፍ፦ የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩን ቦታ፣ ድንኳኑ የተተከለበትን። «9 ሰዓት» ብለህም አትተወው፤ የብዙ ሰው ስልክ በዚያን ጊዜ 3 ሰዓት ነው የሚለው። «ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር» በል። የሚያለቅስ ፊት ልኮ ከድንኳን የሚቀር ጎረቤት በዝቷል፤ እሱን መገሠጽ ግን የእኔ ፈንታ ነው፣ ለእኔ ተወው።

ወሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የድሮው አዋጅ ነጋሪ «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ሲል ነጋሪቱ የማን እንደሆነ ገበያተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ «እባካችሁ ሼር አድርጉ» የሚለው ጽሑፍ ከማን እንደተነሣ የላከልህም አያውቅም። «ከየት አገኘኸው?» ብለህ ደውልለት፤ ባለቤት ከታጣለት እዚያው ይቅር። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለሚያሰራጭ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ደንግጓል። የእኛ ግሩፕ ያን ያህል ሰው የለውም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ለማጋጨት ግን ሃያ ሰው ይበቃል።

ይህን ስል አፍህን ዝጋ ማለቴ አይደለም። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ውኃ ሲጠፋ፣ የመንገድ መብራት ሲሰበር ፎቶ አንሣ፣ ቀኑን መዝግብ። ነገር ግን ፌስቡክ ላይ ተሳድቦ መተኛት አቤቱታ አይባልም። ማመልከቻ ጽፈህ፣ አባላቱን አስፈርመህ፣ ወረዳው መዝገብ ቤት አስገባ፤ የገቢ ቁጥሩን ግሩፑ ላይ ለጥፈው። ያኔ ክትትሉ የሁላችንም ይሆናል።

ለታመመ ሰው ገንዘብ ሲሰበሰብ የሒሳብ ቁጥሩን ከቤተሰቡ አፍ ተቀበል። አጭበርባሪ የታማሚውን ፎቶ እንዳለ ትቶ ቁጥሩን ብቻ ይለውጣል። ቴሌብርም ሆነ የባንኩ መተግበሪያ ከመላክህ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳይሃል፤ አንብበው። ለወር መዋጮም ስክሪንሾት ደረሰኝ አይሁንህ፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን አይቶ ይፈርም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

የአባላቱን መዝገብም ከወረቀት እንዳታወጣው። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ሞት ግን አልተቋረጠም፤ ቀባሪም አልታጣም፤ ጥሩምባ ነፊያችን በየመንደሩ ዞሮ ነግሯልና። አሁን በጠቅላላ ጉባኤው «ቴሌግራም እያለ ለጥሩምባ ነፊ ለምን እንከፍላለን?» የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ነው አሉ። ከእድሩ እናቶች ብዙዎቹ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ያውም የብዙዎቹ ዓይን ደክሟል። ሐሳቡ ሲቀርብ ተነሥተህ ተቃወምልኝ። እኔ ብናገር «ሽማግሌው አዲስ ነገር አይወድም» ይሉኛል፤ አንተ የቴሌግራሙ ሰው ስለሆንክ ይሰሙሃል።