ምን ይከለክለዋል? የጃንደረባው ጥያቄ ከወደራ ቁልቁል ሲተረጎም

ታሪክ፦ የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ የግምጃ ቤት ሹም፣ መምህራኖቻችን ባኮስ የሚሉት ጃንደረባ፣ ለስግደት ኢየሩሳሌም ደርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ነቢዩ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ወንጌላዊው ፊልጶስ ደረሰበት፤ ያነበበውን ተረጎመለት። ሲሄዱ ከውኃ ደረሱ። ያን ጊዜ ጃንደረባው ውኃው ይኸው፣ ታዲያ እንዳልጠመቅ የሚያግደኝ ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። ነገሩ ያለው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው።

ስለምን እንዲህ ብሎ ጠየቀ ቢሉ፣ ከዚህ በፊት ብዙ ነገር ከልክሎት ያውቃልና።

ሐተታ፦ የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስ መንገዱ ምድረ በዳ ነው ብሎ ለይቶ ጽፏል። ከኢየሩሳሌም ተራራ ወደ ጋዛ የሚያወርድ መንገድ ነው። ከአዶላ ተነሥቶ የወደራን የጥድና የዝግባ ደን አቋርጦ ወደ ነገሌ ቦረና፣ ከነገሌም ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ የወረደ ሰው ይህን ማስታወሻ ማንም ሳያብራራለት ያውቀዋል። ዛፉ ያጥራል፣ አፈሩ ይቀላል፣ ከውኃ እስከ ውኃ ያለው ርቀት ይሰፋል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ውኃ ማግኘት ራሱ ታሪክ ነው። አውሳብዮስና ሄሮኒሞስ ምንጩ በኬብሮን አጠገብ፣ ቤተ ሱር በሚባል ስፍራ እንደ ነበረ ጽፈዋል፤ ሉቃስ ግን ስሙን አልሰጠውም።

ምን ይከለክለዋል ቢሉ፣ ውኃ ማጣት። መምህራን ሲያስተምሩ፣ ጌታ ጥምቀትን በወተት፣ በወይን ወይም በማር ያላደረገው ስለ ምንድን ነው ብለው ይጠይቁና፣ ወይንና ማር ከባለጸጋ ቤት ይገኛል፤ ከድኻ ቤት አይገኝም፤ ውኃ ግን ለሁሉ ይገኛል፤ እንግዲህ አጥቼ ቀረሁ የሚል እንዳይኖር ነው ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ያማረ ነው። ግን አንገረብና ቀሃ በሚፈሱበት በጎንደር የተደላደለ መልስ መሆኑ ያስታውቃል። ቆላ ወርዶ ሲነበብ ያንገራግራል። የጥምቀት በዓል የሚውለው ጥር 11 ቀን ነው፤ በቦረና ቆላ ጥር የቦና፣ የደረቁ ወቅት፣ ወር ነው፤ የሐገያው ዝናብ ካለፈ ቆይቷል፣ የገናው (እዚያ የበልጉን ዝናብ እንዲህ ነው የሚሉት፤ ከልደት በዓል ጋር አይምታታ) ገና ወራት ይቀረዋል። ደጋው ታቦቱን አጅቦ ወደ ሞላ ወንዝ ሲወርድ፣ ወንዝ የራቀው ከተማ ለጥምቀተ ባሕሩ ገንዳ ሠርቶ ውኃውን በቦቴ ያስመጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ የቦረና ከብት እንደ ቅጠል ረገፈ። በዚያ ወራት ውኃ ለሁሉ ይገኛል ብሎ የሚያስተምር መምህር ከባድ ጥያቄ ይጠብቀው ነበር።

አንድም፣ ውኃ ለሁሉ ይገኛል ማለት ለሁሉ እንዲገኝ ይደረግ ማለት ነው። ይህን ንባብ የሚያስተምሩ ከዳዋ ወንዝ ማዶ ያሉ ኤላዎች፣ የውኃ ጉድጓዶች፣ ናቸው። ዘጠኙ ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች፣ እንደ ዱብሉቅና እንደ ዋጭሌ ያሉት፣ አንዳንዳቸው እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። አንድ ሰው ብቻውን ከዚያ ውኃ አያወጣም። ጎበዛዝቱ ከታች እስከ ላይ በየእርከኑ ቆመው የቆዳውን ባልዲ፣ ኦኮሌውን፣ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ፣ እየዘፈኑም ያወጡታል። ጉድጓዱ አባ ኮንፊ የሚባል ባለቤት አለው፤ ተራውን የሚጠብቅ አባ ሄረጋ አለው። በድርቅ ወራት ከብቱ በሦስት ቀን አንዴ በተራው ይጠጣል፤ ተራ የጣሰ ይቀጣል። ለተጠማ ሰው የሚጠጣው ውኃ ግን አይከለከልም። እንግዲህ ውኃው ለሁሉ የሚገኘው ተፈጥሮ ስለቸረ ሳይሆን ሰዎች ስለተሳሰሩበት ነው። እኔ ለቆላው ከጎንደሩ ይልቅ ይህን ንባብ እመርጣለሁ፤ የጎንደሩንም አያፈርሰውም፤ መሠረት ይሰጠዋል እንጂ።

ውኃው ቢያንስስ ቢሉ፣ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ይህን አስቀድማ አስባበታለች። ዲዳኬ የተባለው የሐዋርያት ትምህርት፣ ፊሎቴዎስ ብሪየንዮስ ቅጂውን አግኝቶ በ1883 እ.አ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ፣ መጀመሪያ የሚፈስ ውኃ ይፈልጋል፤ የሚፈስ ከሌለ ሌላ ውኃ፣ ቀዝቃዛ ካልተቻለ ሙቅ፣ ሁለቱም ከታጡ በራስ ላይ ሦስት ጊዜ ማፍሰስን ይፈቅዳል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሦስት ጊዜ መንከር ነው፤ ካቶሊኩ በራስ ላይ ያፈስሳል። በማፍሰስ የሚሳለቅ ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድም፣ ምን ይከለክለዋል ቢሉ፣ ሕግ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 ስልብ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ይህ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ እስከ የትኛው አጥር ድረስ እንደ ተፈቀደለት ሉቃስ አይነግረንም። የያዘው መጽሐፍ ግን ኢሳይያስ ነው፤ ያነበበው ምዕራፍ 53 ነው፤ ሦስት ምዕራፍ ወረድ ቢል ነቢዩ ለጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ተስፋ ሲሰጥ ያገኘዋል። ጥያቄው እንግዲህ የዋህ ጥያቄ አይደለም። ደጁ ላይ ቆሞ የኖረ ሰው ጥያቄ ነው።

የዮርዳኖስ ትርጓሜም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ዮርዳኖስ ከላይ ነቁ አንድ ነው፣ ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፣ ከታች ይገናኛል፤ ሰውም ከአንድ አዳም ተገኝቶ በግዝረትና በቁልፈት፣ ሕዝብና አሕዛብ ተብሎ ተለየ፣ በጥምቀት አንድ ሆነ ይላሉ። ካርታ ያየ ሰው ዮርዳኖስ ከአንድ በላይ ምንጮች ተሰብስቦ የሚፈስ ነው ብሎ ይከራከር ይሆናል። ይከራከር። የእኛዎቹ ገናሌና ዳዋ ለየብቻ መንጭተው፣ ለየብቻ በረሃውን አቋርጠው ዶሎ ላይ ሲገናኙ ጁባ ይሆናሉ፤ ለትርጓሜው ከዮርዳኖስ የቀና ምሳሌ ይመስለኛል።

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸውም ከሕግ ወገን ነው። አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ከሚለው ከኩፋሌ ይወሰዳል። የታመመ ሕፃን ግን ቀኑ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ሕጉ ራሱ ለሰው ይሰበራል።

አንድም፣ ምን ይከለክለዋል ቢሉ፣ አለማመን። እዚህ ላይ ክርክሩ ይከራል። ፊልጶስ በፍጹም ልብህ ካመንህ ይቻላል ያለበት፣ ጃንደረባውም እምነቱን የመሰከረበት ቁጥር 37 በጥንታውያኑ የግሪክ ቅጂዎች የለም፤ በኋላ የገባ የጥምቀት ሥርዓት ምስክርነት ነው ይላሉ ሊቃውንት። ቢሆንም አምኖ የተናገረ ብቻ ይጠመቅ የሚሉ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ታሪክ አጥብቀው ይይዛሉ። በወላይታ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የመጀመሪያዎቹን ምእመናን ያጠመቀው በ1933 እ.አ.አ. ነው፤ ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን በ1937 ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ፤ ከእነርሱ የበዛው ሕዝብ ዛሬ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። በ1948 እ.አ.አ. ወደ ደቡብ የመጣው የኖርዌይ ሉተራን ሚሽን ግን ሕፃን ያጠምቃል፤ መካነ ኢየሱስም እንዲሁ። ስለዚህ በደቡብ ከተሞች አንዱ ወንድም በአርባ ቀኑ፣ ሌላው ጎልምሶ መስክሮ የተጠመቀበት ቤት ብርቅ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛው የፊተኛውን ጥምቀት እንዳልነበረ ሲቆጥረው ነው። አገራችን ይህን በደም ታውቀዋለች። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሮማው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀውን ሕዝብ ደግሞ ይጠመቅ፣ ካህናቱም ደግመው ይካኑ ሲል አገር ተነሣበት፤ ንጉሡ በ1632 እ.አ.አ. የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ። ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ደግሞ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ፊት ሕዝቡ በጥምቀት በዓል ገንዳ ሲገባ አይቶ፣ ጥምቀት አንዲት ናት፣ ይህ መድገም ነው ብሎ ተቃወመ። አንዱ ተደገመ ብሎ የከሰሰውን ሌላው ድገሙ ብሎ አዘዘ፤ ሁለቱም ከአንድ ወገን መምጣታቸው የሚገርም ነው።

አንድም፣ ምን ይከለክለዋል ቢሉ፣ ቋንቋ። ፊልጶስ መጀመሪያ የጠየቀው የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ ነው፤ ውኃው በኋላ ነው የመጣው። በወደራ አርባ ቀን የሞላውን ልጇን ታቅፋ የቆመች የጉጂ እናት ስለ ልጇ የሚጸለየውን በአፏ ቋንቋ መስማት ብትሻ ጥያቄዋ ከፊልጶስ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ያናወጠው የጳጳሳት ሹመት ውዝግብ ሌላም ሌላም ምክንያት ነበረው፤ የአፋን ኦሮሞ አገልግሎት ጥያቄ ግን ከፊት ከተሰሙት አንዱ ነበር። ሹመቱን መንቀፍ ይቻላል፤ ጥያቄውን መናቅ ግን ፊልጶስን ከሠረገላው ማውረድ ነው። ጥያቄው አዲስም አይደለም፤ በ1870 እ.አ.አ. ምጽዋ ላይ የተጠመቀው ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳትሞ ለማውጣት እስከ 1899 ደክሟል።

አንድም፣ ምን ይከለክለዋል ቢሉ፣ ሰው ማጣት። ሁለቱም ወደ ውኃው ወረዱ ይላል፤ አጥማቂው ዳር ቆሞ አላዘዘም። ውኃው ፊቱ ነው፣ እምነቱ ልቡ ውስጥ ነው፣ ታዲያ ስለምን ራሱ ገብቶ አልወጣም ቢሉ፣ ጥምቀት ከሌላ እጅ የሚቀበሉት ነውና። እንግሊዛዊው ጆን ስሚዝ በ1609 እ.አ.አ. አካባቢ በአምስተርዳም ንጹሕ አጥማቂ የለም ብሎ ራሱን አጠመቀ፤ ብዙ ተነቀፈበት፣ ኋላም ራሱ ተጸጸተበት። በእኛ ሥርዓት ሕፃኑን ካህን ይነክረዋል፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቀበሉታል፣ ስለ እርሱም ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ያምናሉ፤ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ከእርከን እርከን ኦኮሌ የሚቀባበል ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ታሪክ፦ ፊልጶስ ከውኃው ሲወጡ ተሰወረ፤ ጃንደረባው ብቻውን አገሩ ገባ። ትውፊታችን ባኮስ እምነትን አመጣ፣ ነገር ግን እስከ ፍሬምናጦስ ድረስ የሚያጠምቅ ጳጳስ አልነበረም ይላል። ፍሬምናጦስም እስክንድርያ ሄዶ ለአትናቴዎስ ያመለከተው ይህንኑ ነው፤ አትናቴዎስ ሌላ ሰው ሳይፈልግ ፍሬምናጦስን ራሱን ሾሞ በ330 እ.አ.አ. ገደማ ወደ አክሱም መለሰው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ነው። በመካከሉ ሦስት መቶ ዓመት አለፈ፤ ያ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ በአክሱም ውኃ አልጠፋም ነበር። ቦ፣ ባኮስ ራሱ አጥምቋል የሚሉ አሉ፤ ያን ካልን ግን ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ድረስ ምን ሊለምን ሄደ የሚለውን መመለስ ይኖርብናል።